ዲግሪው ሌላ፣ ሥራው ሌላ

የሥራ ቪዛ ማሳደሻ ጊዜ ሲደርስ ባልና ሚስት ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

ደብዳቤው ሦስት ሳምንት ሙሉ በመኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ ተደብቆ ቆየ። ባልየው አንድ ቀን አውጥቶ ያነበዋል፣ ሌላ ቀን ሳያየው ያልፋል። ሚስቱ ያገኘችው የመኪናውን የኢንሹራንስ ወረቀት ስትፈልግ ነው። እንግሊዝኛው ከባድ ቢሆንባትም ሁለት ነገር ግን ግልጽ ሆነላት። የባሏን የሥራ ፈቃድ ለማሳደስ የቀረበው ማመልከቻ ጥያቄ ተነሥቶበታል፤ መልስ የሚሰጥበት ቀንም ተቆርጧል።

ማታ ልጃቸው ከተኛች በኋላ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የጠየቀችው ስለ ቪዛው አልነበረም። «ለምን ደበቅከኝ?» ነበር ያለችው።

የእነዚህን ባልና ሚስት ስም አንጠቅስም። የሚኖሩት በአሜሪካ ነው። እርሱ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ጂኦግራፊ ሲሆን አሁን የሚሠራው በዳታቤዝ ባለሙያነት ነው። ደብዳቤው የጠየቀውም በአጭሩ «የጂኦግራፊ ዲግሪ ያለው ሰው ይህን ሥራ የሚሠራው በምን ትምህርቱ ነው?» የሚል ነበር።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ጥያቄ በእርስዎም ቤት ደርሶ ሊሆን ይችላል። ወይም ወንድምዎ፣ እህትዎ፣ አብረዎት የሚያመልኩ ባለ ትዳሮች በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ዝም ብለው ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ምን ማድረግ እንደሚቻልና በትዳር ውስጥ ይህን ሸክም እንዴት በጋራ መሸከም እንደሚገባ አብረን እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ ከየት መጣ?

ከአገራችን የተማርን ሰዎች ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለንም። ብዙዎቻችን የተማርነውን የትምህርት ክፍል ሙሉ በሙሉ በራሳችን ፍላጎት አልመረጥንም። ምርጫችንን በቅጽ ላይ ሞላን፤ ከዚያ በኋላ ውጤታችንና ያለው ቦታ የወሰነልንን ተማርን። ሕክምና የተመኘው ባዮሎጂ፣ ምሕንድስና የተመኘው ስታቲስቲክስ ደረሰው። ከተመረቅን በኋላም የተገኘውን ሥራ ያዝን፤ እጃችንም በሥራው ላይ ሠለጠነ። በአገር ቤት ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እንዲያውም «ሰው በሥራው ይታወቃል» ብለን እናልፈዋለን።

የአሜሪካ የሥራ ቪዛ ግን እንዲህ አያልፈውም። በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተመሠረተው ኤች-ዋን-ቢ የሚባለው ፈቃድ የሚሰጠው ልዩ ሙያ ለሚጠይቅ ሥራ ነው። ልዩ ሙያ ማለት ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስፈልገው ሥራ ነው፤ ዲግሪውም በየትኛውም መስክ የተገኘ ሳይሆን ከሥራው ጋር በቀጥታ የሚገናኝ መሆን አለበት። አሠሪው ሠራተኛውን ቢወደው፣ ሠራተኛውም ሥራውን አሳምሮ ቢያውቅ፣ ይህ ግንኙነት በወረቀት ካልታየ ማመልከቻው ይወድቃል።

ሕጉ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

ፈቃዱ በመጀመሪያ እስከ ሦስት ዓመት ይሰጣል፤ ከዚያ በማራዘም በጠቅላላው እስከ ስድስት ዓመት ይደርሳል። የግሪን ካርድ ሂደቱ በጊዜው ተጀምሮ የተወሰነ ደረጃ ላይ የደረሰለት ሰው ደግሞ በ2000 በወጣ ሕግ መሠረት ከስድስት ዓመት በላይ ሊራዘምለት ይችላል። ማራዘሚያውን የሚያመለክተው አሠሪው እንጂ ሠራተኛው አይደለም። ማራዘሚያ በየዓመቱ በዕጣ ከሚወጣው የ65,000ና የ20,000 ኮታ ውስጥ ስለማይቆጠር ዳግመኛ ዕጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

«አንድ ጊዜ ከተፈቀደልኝ በኋላ ለምን እንደገና ይጠይቁኛል?» ብለው ይገረሙ ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ያጸደቀውን ጉዳይ፣ አሠሪው፣ ሠራተኛውና ሁኔታው ካልተለወጡ አክብሮ መቀበል ይገባዋል የሚል መመሪያ ነበረው። ይህ በ2017 ተሽሮ በ2021 ተመለሰ፤ ከጥር 17 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በደንብ ውስጥ ተጽፏል። ሆኖም ቀድሞ ትልቅ ስሕተት ተፈጽሞ ከተገኘ፣ ወይም ሁኔታው ከተለወጠ፣ ወይም አዲስ መረጃ ከመጣ እንደገና ሊመረመር ይችላል። እድገት አግኝተው የሥራዎ ጠባይ ከተለወጠ፣ ወይም ቢሮዎ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ «ያው ነው» ብለው አይለፉት። አሠሪው ማሻሻያ ማመልከቻ ማቅረብ ሊኖርበት ይችላልና በጊዜው ይጠይቁ።

ከዚሁ ደንብ የሚያበረታታም ነገር እናገኛለን። «በቀጥታ የሚገናኝ» ማለት በዲግሪው ትምህርትና በሥራው ተግባር መካከል ምክንያታዊ ግንኙነት አለ ማለት እንደሆነ ተብራርቷል። አንድ ሥራ ከአንድ በላይ የትምህርት መስኮችን ሊቀበልም ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መስክ ከሥራው ጋር መገናኘቱ መታየት አለበት። ስለዚህ የዲግሪዎ ስምና የሥራዎ ስም አንድ አለመሆናቸው ብቻውን የነገሩ መጨረሻ አይደለም። በአንጻሩ ማንኛውም አጠቃላይ ዲግሪ የሚበቃው ሥራ እንደ ልዩ ሙያ አይቆጠርም። በመሆኑም «ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን» የሚል ዲግሪ ያላቸው ወገኖች የተማሩትን ልዩ መስክ ለይተው ማሳየት ያስፈልጋቸዋል።

የሥራ ልምድስ ይቆጠራል? አዎን፣ ይቆጠራል። ለጎደለ ለእያንዳንዱ አንድ የዩኒቨርሲቲ ዓመት የሦስት ዓመት ልዩ የሥራ ልምድ ሊተካ ይችላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን ለዓመታት ብዙ የዲግሪ ትምህርቶች በሦስት ዓመት ይጠናቀቁ ስለነበር፣ በአሜሪካ ከተለመደው የአራት ዓመት ዲግሪ ጋር ሲመዘኑ አንድ ዓመት ሊጎድላቸው ይችላል። ከላይ ያነሣነው ወንድም ወደ አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት በአዲስ አበባ ሰባት ዓመት ሠርቶ ነበር። ተስፋውም ያለው እዚያ ላይ ነበር።

ደብዳቤው ሲመጣ

የመጀመሪያው ምክር፦ ደብዳቤውን አይደብቁ። ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቀው ይህ ደብዳቤ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 84 ቀን ሲሆን፣ ለፖስታ ጥቂት ቀናት ይታከላሉ። ጊዜው አይራዘምም። መልሱም በአንድ ጊዜ፣ ተጠቃሎ መቅረብ አለበት፤ ዛሬ ግማሹን፣ የሚቀጥለው ወር ግማሹን መላክ አይቻልም። ከአዲስ አበባ ትራንስክሪፕት ለማስመጣት፣ ከቀድሞ አሠሪ ደብዳቤ ለማጻፍ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ እናውቃለን። ያ ወንድም በዝምታ ያሳለፋቸው ሦስት ሳምንታት ከዚህ ጊዜ ላይ የተቀነሱ ነበሩ።

ሁለተኛ፦ የትምህርት ማስረጃዎን በዝርዝር ያውጡ። ዲፕሎማው የዲግሪውን ስም ብቻ ይናገራል፤ የተማሩትን የሚናገረው ትራንስክሪፕቱ ነው። ባልና ሚስቱ ትራንስክሪፕቱን ዘርግተው ሲያዩ ስታቲስቲክስ፣ የካርታ ሥራ፣ በኮምፒዩተር የመልክዓ ምድር መረጃን ማደራጀትና መተንተን የሚያስተምሩ ኮርሶች ተገኙ። «ጂኦግራፊ» የሚለው ስም ሸፍኗቸው ነበር እንጂ ዛሬ ከሚሠራው ሥራ ጋር የሚገናኙ ትምህርቶች ናቸው።

ሦስተኛ፦ ትክክለኛውን ገምጋሚ ይፈልጉ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የውጭ አገር ዲግሪን የሚገመግሙ ድርጅቶች መመዘን የሚችሉት ትምህርትን ብቻ ነው። የሥራ ልምድን በኮሌጅ ትምህርት ለመተካት ግን ምስክርነቱ፣ በመስኩ ለሥልጠናና ለልምድ የኮሌጅ ክሬዲት የመስጠት ሥልጣን ካለው የዩኒቨርሲቲ ባለሥልጣን መምጣት አለበት፤ ዩኒቨርሲቲውም እንዲህ ያለ ክሬዲት የሚሰጥበት ፕሮግራም ሊኖረው ይገባል። አለበለዚያ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ልምዱን ይመዝናል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ጠበቃውን «ይህ ሰው ልምዴን ለመገምገም ሥልጣን አለው?» ብለው ይጠይቁ።

አራተኛ፦ የሥራ ልምድ ደብዳቤው እውነተኛና ዝርዝር ይሁን። «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በታማኝነት አገልግለዋል» የሚለው የለመድነው ደብዳቤ አይበቃም። ምን እንደሠሩ፣ በየትኛው ሙያዊ እውቀት እንደሠሩ፣ አብረዋቸው የሠሩት ባልደረቦች ወይም አለቆች በዚያ ሙያ ዲግሪ የነበራቸው መሆኑን መግለጽ አለበት። መሥሪያ ቤቱ ራሱ በሚመዝንበት ጊዜ በሙያው ዕውቅና እንዳለዎት የሚያሳይ ማስረጃም ይጠየቃል፤ ለምሳሌ በመስኩ የታወቁ ሁለት ባለሙያዎች የሚሰጡት ምስክርነት።

አምስተኛ፦ አሠሪዎ የሥራዎን ተግባር በዝርዝር ይጻፍ። በሳምንት ውስጥ ጊዜዎ በምን ላይ እንደሚውል፣ እያንዳንዱ ተግባር የትኛውን እውቀት እንደሚጠይቅ፣ ያ እውቀት ከትምህርትዎ ከየትኛው ክፍል እንደተገኘ ጎን ለጎን ይቀመጥ። የማመልከቻውና የጠበቃው ወጪም በመሠረቱ የአሠሪው ወጪ መሆኑን ይወቁ፤ «ከደመወዝህ እቆርጣለሁ» ከተባሉ ዝም ብለው አይቀበሉ።

«ሁሉም የሚያደርገው ነው»

ባልየው ደብዳቤውን በደበቀባቸው ሳምንታት ለአንድ ወዳጁ ብቻ ተናግሮ ነበር። ወዳጁም «ምን አስጨነቀህ? የኮምፒዩተር ዲፕሎማ የሚያወጣልህ ሰው አለ። የሥራ ልምዱንም እንደፈለግከው ይጽፍልሃል። ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለው። ዋጋውንም ነገረው። ባልየው ያን ሌሊት አልተኛም። ለሚስቱ ያልነገራትም አንዱ ምክንያት ይህ ነበር፤ እምቢ ትለኛለች ብሎ ፈርቶ ሳይሆን፣ እሺ ትለኛለች ብሎ ፈርቶ።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሐሰት ወረቀት ኃጢአት መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ነገር ግን በምድራዊውም ስሌት ቢሆን ምን ያህል እንደሚያስከፍል እንመልከት። ፍሬ ነገር በሆነ ጉዳይ ላይ አውቆ በማታለል የኢሚግሬሽን ጥቅም የፈለገ ሰው በአሜሪካ ሕግ ለዘለቄታው ከመግባት ሊታገድ ይችላል፤ ልዩ ምሕረት ካላገኘ በስተቀር እገዳው በዓመታት ብዛት አያልፍም። የሚስትና የልጆች ፈቃድም የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ስለሆነ አብሮ ይወድቃል። በማመልከቻው ላይ «እውነት ነው» ብሎ የሚፈርመው ደግሞ አሠሪው ነው። ስለዚህ የታመነልዎትን ሰው ባላወቀው ሐሰት ላይ ያስፈርሙታል ማለት ነው።

ሐናንያና ሰጲራን እናስታውስ (የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5)። የእነርሱ ጉዳይ የአንድ ሰው ውሸት አልነበረም፤ ባልና ሚስት የተስማሙበት ውሸት ነበር። በትዳር ውስጥ መስማማት መልካም ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሲደክም ሌላው «ይህን አናደርግም» የሚል ካልሆነ መስማማቱ ራሱ ወጥመድ ይሆናል። ይህች እህት ሁሉን ከሰማች በኋላ ያለችው ቃል ጥቂት ነበር፦ «ብንመለስም አብረን እንመለሳለን። በሐሰት ግን አንቀርም።» ባልየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የወሰደው በዚያች ሌሊት እንደነበር ይናገራል።

የሁለታችሁ ጉዳይ ነው

በዚህ ቪዛ የሚኖሩ ባለ ትዳሮች አንድ ልዩ ፈተና አለባቸው። ኤች-ፎር በሚባለው ፈቃድ አብራ የመጣች ሚስት (ወይም አብሮ የመጣ ባል) መማር ትችላለች፤ መሥራት ግን አትችልም። ከ2015 ጀምሮ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ለአንዳንዶች ብቻ ሲሆን፣ በተለይም የባለቤታቸው የግሪን ካርድ ሂደት የተወሰነ ደረጃ ላይ ለደረሰላቸው ነው። ከዚህ የተነሣ መላው ቤት በአንድ ሰው ወረቀት ላይ ይቆማል። ወረቀቱን የያዘው «እኔ ከወደቅሁ ሁሉም ይወድቃል» እያለ ብቻውን ይሸከማል። ሌላው ደግሞ በአገሩ ባለሙያ የነበረ፣ አሁን ቤት የሚውልና ስለ ነገው የማይጠየቅ ይሆናል። ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ዝምታውም ከቪዛው ችግር በላይ ትዳሩን ይጎዳል።

ስለዚህ እንዲህ እንድታደርጉ እንመክራለን።

ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ሁለታችሁም እወቁ። በፓስፖርት ላይ ያለው ቪዛና በአገር ውስጥ የመቆየት ፈቃድ አንድ አይደሉም። ቪዛው የመግቢያ በር ነው፤ የምትቆዩበትን ጊዜ የሚወስነው አይ-94 የሚባለው መዝገብ ነው። የእያንዳንዳችሁን፣ የልጆቻችሁንም አይ-94 ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በሚታይ ቦታ አስቀምጡ። የባል ሲታደስ የሚስት ሳይታደስ የሚረሳበት ጊዜ አለ፤ የቤተሰቡ ማመልከቻ በሌላ ቅጽ ነው የሚቀርበው።

በጊዜው ጀምሩ። ማራዘሚያ ፈቃዱ ከማብቃቱ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማቅረብ ይቻላል። ቀኑ ሳያልፍ ከቀረበ፣ ውሳኔው ቢዘገይም በዚያው አሠሪ ዘንድ እስከ 240 ቀን መሥራት ይፈቀዳል። ነገር ግን በዚህ መካከል እምቢታ ከመጣ የመሥራት መብቱ ወዲያው ያበቃል። ሥራ ሲቋረጥ እስከ 60 ቀን የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜም ከአይ-94 ቀን ስለማያልፍ፣ ቀኑ ካለፈ አይገኝም። ቀደም ብሎ የጀመረ ሰው ግን መልሱ ባይሳካ እንኳ ሌላ መንገድ የሚፈልግበት ጊዜ ይኖረዋል።

ማመልከቻው ውሳኔ ሳያገኝ ከአገር አትውጡ፤ የግድ ከሆነ መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ። በመስከረም 2025 በወጣው አዋጅ ለአዲስ ማመልከቻዎች የ100,000 ዶላር ክፍያ ሲታዘዝ፣ መሥሪያ ቤቱ በጥቅምት 2025 በሰጠው ማብራሪያ በአገር ውስጥ ላለ ሰው የሚጸድቅ ማራዘሚያን እንደማይመለከት ገልጿል። ማራዘሚያው ሳይወሰን ወጥቶ መገኘት ግን ነገሩን ሊለውጠው ይችላል።

ጸሎትንና ወረቀትን አትለያዩ። ነህምያ ለወራት ከጾመና ከጸለየ በኋላ በንጉሡ ፊት በቆመ ጊዜ የጠየቀው ነገር ምን ነበር? ወንዝ ማዶ ላሉት ገዢዎች የሚሰጥ የማለፊያ ደብዳቤ፣ ለንጉሡ ደን ጠባቂ ለአሳፍም የእንጨት ትእዛዝ (ነህምያ ምዕራፍ 2)። ጸሎቱ የሚያስፈልገውን ወረቀት ለይቶ ከማወቅ አላገደውም። በኅብረታችሁም ውስጥ ለሚታመኑ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ንገሩ። የቀድሞ አለቃን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የሚያገኝ፣ ትራንስክሪፕት የሚያስወጣ ዘመድ የሚገኘው ችግሩ ሲነገር ነው።

መልሱ እምቢ ቢሆንስ?

ይህንንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ከዲግሪው ጋር የሚስማማ ሥራ የሚሰጥ ሌላ አሠሪ ከተገኘና ፈቃዱ ሳያበቃ ካመለከተ፣ ሠራተኛው ማመልከቻው እንደቀረበ እዚያ መሥራት ሊጀምር ይችላል። ወደ ተማሪነት ፈቃድ ተለውጦ የጎደለውን ትምህርት መማርም አለ። የሚስት ዲግሪ ከሥራ ገበያው ጋር ይበልጥ የሚስማማ ከሆነ፣ ነገ የቤቱ ወረቀት በእርሷ ስም ይቆም ይሆናል፤ ባልም ይህን እንደ ውርደት አይቁጠረው። እርሷ ግን ከዚህ በፊት በኮታው ካልተቆጠረች በዕጣው ማለፍ ይኖርባታል።

ወደ አገር መመለስም አንዱ መንገድ ነው። በጊዜው፣ ሕጉን ሳይጥስ የተመለሰ ሰው ስሙ ንጹሕ ነው፤ ነገ ሌላ በር ቢከፈት በቀና ልብ ያንኳኳል። በውጭ አገር ያሳለፋቸው ቀናትም ከስድስቱ ዓመት ላይ ስለማይቆጠሩ የቀረውን ጊዜ በኋላ ሊጠቀምበት ይችላል። «ሰው ምን ይለናል?» የሚለው ፍርሃት ግን ብዙዎችን ያለ ፈቃድ አስቀርቷል፤ ከዚያም የእናት ቀብር ላይ እንኳ መገኘት ያልቻሉ አሉ።

ያ ወንድምስ? በቀሩት ሳምንታት ባልና ሚስቱ ሥራውን ተካፈሉ። እርሷ በሌሊት ተነሥታ ወደ አዲስ አበባ ትደውላለች፤ የቀድሞው አለቃውን ያገኘችው፣ ዝርዝር ደብዳቤውንም ያጻፈችው እርሷ ናት። እርሱ ከአሠሪውና ከጠበቃው ጋር ተቀምጦ ተግባሩን ከትምህርቱ ጋር አንድ በአንድ አገናኘ። መልሱ ጊዜው ሊያበቃ ስድስት ቀን ሲቀረው ገባ። ከሁለት ወር በኋላም ማራዘሚያው ጸደቀ።

ሚስትየው ግን ስትጠየቅ የምታነሣው የጸደቀበትን ቀን አይደለም። «ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚደርስ ፖስታ ሁሉ የሚከፈተው ሁለታችንም ባለንበት ነው» ትላለች።

ውድ አንባቢ፣ በእርስዎ ቤት ያልተከፈተ፣ ወይም ተከፍቶ የተደበቀ ፖስታ አለ? ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤትዎ ጋር ሆነው በጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት። ቀኑን አብራችሁ አንብቡ፣ አብራችሁ ጸልዩ፣ ነገ ጠዋትም ለጠበቃው አብራችሁ ደውሉ። ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።